ምዕራፍ ሰባት፦ በባዕድ አገር የወላጅን ቋንቋና ባህል ስለ መጠበቅ

የምዕራፉ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ተምረው ሲፈጽሙ፦
ሀ. ስደተኞች በአዲስ አገር ሲኖሩ በቋንቋቸውና በባህላቸው ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ከነምክንያቱ ያስረዳሉ፤
ለ. የአክብሮት አነጋገርን ከባለቤትና ከማሰሪያ አንቀጽ ስምምነት ጋር አስተካክለው ይጠቀማሉ፤
ሐ. በአንድ አከራካሪ ጉዳይ ላይ የሁለት ወገን ሐሳብ አመዛዝነው ድርሰት ይጽፋሉ።

1. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

ሀ. ከዘመዶቻችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ መካከል ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ሄዶ የኖረ ሰው አለ? ተመልሶ በመጣ ጊዜ በአነጋገሩ፣ በአለባበሱና በአመጋገቡ ምን ለውጥ አያችሁበት?
ለ. «እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው ተረት ምን ያስተምራል? ተረቱ ትክክል የማይሆንበት ጊዜ ይኖራልን?

2. ምንባብ

የእሑድ ማታ ስልክ

(1) በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ አንዲት እናት ይኖራሉ እንበል። ልጃቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ አሜሪካ ሄዶ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ይኖራል። በዚያው አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እሑድ ማታ፣ በአማኑኤል መብራት ሲበራ፣ በአሌክሳንድሪያ ገና ቀትር ነው። በዚያን ሰዓት ስልኩ ይጮኻል።

(2) አንድ እሑድ አባትየው ስልኩን ለልጁ ሰጣት። አያትየዋ በደስታ፣ «እንደምን ሰነበትሽ፣ የኔ እናት?» አሏት። ልጅቱም የምታውቀውን አማርኛ ሁሉ አጠራቅማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ደኅና ነኝ። አንተስ ደኅና ነህ?» ስትል መለሰች። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያም አያትየዋ ሳቁና፣ «ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠይቀው? ከጎኔ ወንድ የተቀመጠ መሰላት እንዴ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። እሱም አፍሮ እንዲህ አለ፦ «እማ፣ አትታዘቢን። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። እንግሊዝኛ ቶሎ እንድትለምድ ብዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሳነጋግራት ኖርሁ። አማርኛው በኋላ ይደረስበታል ብዬ ነበር።» እናትየውም ከቅያሜ ይልቅ ኀዘን በተሞላ ድምፅ፣ «እኔስ እስኪደረስበት እቆይ ይሆን?» አሉ።

(3) ይህ ታሪክ ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ነገሩ ግን በብዙ ቤት የሚደርስ ነው። ወላጆች አገር ሲለውጡ ልጆች ቋንቋ ይለውጣሉ። አያትና የልጅ ልጅ በደም ተዛምደው ሳለ በቋንቋ እንግዳ ይሆናሉ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ የሄዱበትን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

(4) በመጀመሪያው ዘመን ወደ አሜሪካ ይሄዱ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ አሜሪካ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ኢጣሊያ አገራቸውን በወረረች ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ እንዲቆሙ በማስተባበር ብዙ ደከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለው ማኅበር በኒው ዮርክ እንዲቋቋም አደረጉ። እኒህ ሰው በአሜሪካ ተምረዋል፤ አሜሪካዊት አግብተዋል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ የአገራቸው አገልጋይ ሆነው ፈጽመውታል። ከእሳቸው በኋላ የተላኩትም ተማሪዎች አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ይመለሱ ስለ ነበር፣ የቋንቋና የባህል መጥፋት ትልቅ ጥያቄ አልሆነባቸውም። እንግዳ ሆነው ሄደው እንግዳ ሆነው ይመለሱ ነበር።

(5) ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ለትምህርት ሄደው የነበሩት ብዙዎች መመለስ አልቻሉም። ሌሎችም በእግር ወደ ሱዳን እየተሻገሩ በስደተኛ መጠለያ ከቆዩ በኋላ ወደ አሜሪካ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው የስደተኞች ሕግ ይህን መንገድ አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ በሕዝብ ዘንድ «ዲቪ» ተብሎ የሚታወቀው የዕጣ ቪዛ ተደነገገ፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ዕጣ ሄዱ። ከዚህም የተነሣ በኢትዮጵያ ተወልደው በአሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ከ200,000 በላይ ሆኗል። እነዚህ ለመኖር የሄዱ ናቸው። ልጅ የወለዱትም በዚያ ነው።

(6) ብዙዎቹ በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ፣ ማለትም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሩ። በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር፣ ቆይቶም በዩ ጎዳናና በዘጠነኛው ጎዳና አቅራቢያ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። በሎስ አንጀለስም የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 የፌርፋክስ ጎዳናን አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪዎች የሚያስፈልጉ ጽሑፎችን ከሚያዘጋጁባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆነ። ስለዚህ ከአማኑኤል የሄደ ሰው በዋሽንግተን መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ፊደሉን ያገኘዋል። የሚያስደንቀው፣ በቤቱ የተወለደችው ልጅ ያን ጽሑፍ ማንበብ አለመቻሏ ነው።

(7) ይህ ለምን ሆነ? ምክንያቱ የልጆች ስንፍና ወይም የወላጆች ንቀት ብቻ አይደለም። ልጅ ቋንቋን የሚማረው አብሮት ከሚውለው ሰው ነው። አባት ቀን ሠርቶ ማታ ታክሲ የሚነዳ፣ እናት ሌሊት በሆስፒታል ተረኛ ሆና የምታድር ከሆነ፣ ልጁ የሚውለው ከአስተማሪው፣ ከጓደኞቹና ከቴሌቪዥን ጋር ነው። እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። በዚህም ላይ ልጅ ከጓደኞቹ መለየትን አይወድም፤ በትምህርት ቤት እናቱ የቋጠረችለትን እንጀራ ደብቆ የሚበላ ልጅ፣ የእናቱንም ቋንቋ በሰው ፊት መናገር ያፍራል። ስለ ስደተኞች የጻፉ ሊቃውንት እንደ ተመለከቱት፣ በአብዛኛው የመጀመሪያው ትውልድ የአገሩን ቋንቋ ይናገራል፤ ሁለተኛው ይሰማል እንጂ ደፍሮ አይናገርም፤ ሦስተኛው አይሰማም። ጣልያኖችም፣ ጀርመኖችም፣ ፖላንዶችም በአሜሪካ በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ከአገራችን የሄዱትም ቢሆኑ፣ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩት ሁሉ የገጠማቸው ይኸው ነው።

(8) ስደተኛ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ አሜሪካውያንንም ራሳቸውን ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1908 የእንግሊዝ አገር ጸሐፊ እስራኤል ዛንግዊል አሜሪካን ሁሉም ሕዝብ በአንድነት እንደሚቀልጥበት ማቅለጫ አድርጎ የሚያሳይ ተውኔት በዋሽንግተን አሳየ። «ማቅለጫ» የሚለው አነጋገርም ከዚያ ወዲህ ገነነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን መቅለጥ ግዴታ ወደ መሆን ደረሰ። የነብራስካ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ሕግ፣ ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለ። ሮበርት ማየር የተባለ አስተማሪ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተገኝቶ 25 ዶላር ተቀጣ። አስተማሪው ቅጣቱን ተቀብሎ ዝም አላለም፤ ይግባኝ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1923 ሕጉን ሻረው፤ ወላጆች ልጆቻቸው የሚማሩትን የመምረጥ፣ አስተማሪም የማስተማር ነጻነት እንዳላቸው ፈረደ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የወላጅን ቋንቋ ለልጅ ማስተማር በሕግ የተጠበቀ ነጻነት ነው። ሕግ ግን ይፈቅዳል እንጂ አያስተምርም። ማስተማሩ የወላጅ ድርሻ ሆኖ ቀረ።

(9) ኢትዮጵያውያን ይህን ድርሻ ለመወጣት ያደረጉት ቀላል አይደለም። በሰፈሩበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አቋቁመዋል፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶች ፊደል ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በተለያየ ከተማ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል፤ ብዙ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ከጨዋታው ይልቅ የቆየ ጓደኛውን ለማግኘት ነው። የእንጀራውም ነገር ትምህርት ይሰጣል። በመጀመሪያው ዘመን በአሜሪካ ጤፍ ስላልነበረ፣ እናቶች የስንዴና የገብስ ዱቄት እየቀላቀሉ እንጀራ ይጋግሩ ነበር። ኋላ ግን በኢትዮጵያ ሠርቶ የነበረ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በአይዳሆ ጤፍ ማምረት ጀመረ። በብቸናና በደጀን ሜዳ የምናውቀው ጤፍ በአሜሪካ ተራሮች መካከል በቀለ። ዘሩ በባዕድ መሬት የበቀለው ግን በራሱ አይደለም፤ አንድ ሰው መሬት መርጦ፣ አርሶ፣ ዘርቶት ነው።

(10) እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። አድጎ የሄደ ሰው ቋንቋው በቀላሉ አይጠፋበትም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። በዋሽንግተንና በሎንዶን ጭምር በዲፕሎማትነት ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ይሁን እንጂ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ኑሮ፣ የማንኩሳንና የዲማን ሰው አነጋገር ከነለዛው ያቀርባል። የባሕር ማዶ ኑሮ አማርኛቸውን አላደበዘዘውም። ሥሩ ቀድሞ ወርዶ ነበርና። በአሜሪካ የተወለደች ልጅ ግን ያ ሥር የላትም፤ ሥሩን የሚተክልላት ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ አደጋው በተሰደደው ሰው ላይ አይደለም፤ በልጁ ላይ ነው።

(11) አባትየው የፈራው ነገር እውነተኛ ነበር። ልጁ በትምህርቷ እንዳትዘገይ፣ በአነጋገሯም እንዳይሳቅባት ፈራ። ነገር ግን ልጅ ሁለት ቋንቋ በአንድነት ሊለምድ ይችላል፤ አንዱም ሌላውን አያጠፋም። እንግሊዝኛን ትምህርት ቤቱም፣ መንገዱም፣ ጎረቤቱም ያስተምራታል። አማርኛን ግን ከቤቷ በቀር የሚያስተምራት የለም። ልጅቱ በአሜሪካ እንደ መወለዷ የአሜሪካ ዜጋ ናት፤ የዚያን አገር ሕግ ልታከብር፣ ቋንቋውን ልታውቅ፣ ለሕዝቡ ልትጠቅም ይገባታል። አያቷን ማነጋገር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይቀንስባትም።

(12) ከዚያች እሑድ በኋላ አባትየው ማታ ማታ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሩብ ሰዓት ለልጁ በአማርኛ ብቻ ይነግራት ጀመር። ብዙ ወራት አለፉ። በክረምት አንድ እሑድ ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ፣ «እንደምን ሰነበቱ፣ እማማ? ዝናቡ መታ?» አለች። «መጣ» ማለቷ ነበር። አያትየዋም ከጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰሙ፣ «መጥቶም መታን፣ የኔ እናት» ሲሉ መለሱላት። በዚያ ቀን ስልኩን ለአባቷ አላስተላለፈችም።

3. የቃላት ፍቺ

ባዕድ፦ የራስ ያልሆነ፣ ሌላ፣ እንግዳ።
ትውልድ፦ በአንድ ዘመን የተወለዱ ሰዎች።
ተደነገገ፦ በሕግ ታዘዘ፣ ሕግ ሆኖ ወጣ።
ሻረ፦ አፈረሰ፣ ከሥራ ውጭ አደረገ።
ይግባኝ፦ ፍርድ የተፈረደበት ሰው ወደ በላይ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው አቤቱታ።
ለዛ፦ የአነጋገር ጣዕም።
መዋጥ (በባህል)፦ የራስን ትቶ ፈጽሞ ሌላውን መምሰል።
መዋሐድ (በባህል)፦ የራስን ይዞ ከሌላው ጋር በአንድነት መኖር።

መልመጃ አንድ። ከላይ ከተሰጡት ቃላት አምስቱን መርጣችሁ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ። «መዋጥ» እና «መዋሐድ» ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ልዩነታቸው ተገልጦ ይግቡ።

4. የመረዳት ጥያቄዎች

መልመጃ ሁለት። ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1) አያትየዋ «እኔስ እስኪደረስበት እቆይ ይሆን?» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
2) ከ1966 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ወደ አሜሪካ በሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል ያለው ዋና ልዩነት ምንድን ነው? ልዩነቱ ለቋንቋ መጠበቅ ምን ትርጉም አለው?
3) በአንቀጽ 7 የተዘረዘሩትን ምክንያቶች በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ከሁሉ የበለጠው ምክንያት የትኛው ይመስላችኋል? ለምን?
4) «ሕግ ይፈቅዳል እንጂ አያስተምርም» የሚለውን ከነብራስካው ክርክር ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
5) ጸሐፊው የጤፉን ታሪክ ያመጣው ለምንድን ነው? ጤፉ በምን ይመሰላል?
6) በአንቀጽ 10 ስለ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተነገረው ከምንባቡ ዐቢይ ሐሳብ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
7) የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ምን ይነግረናል? ቀድሞ የነበረውን ነገር በማስታወስ መልሱ።

5. ሰዋስው

የባለቤትና የማሰሪያ አንቀጽ ስምምነት በአክብሮት አነጋገር

ልጅቱ በመጀመሪያ «አንተስ ደኅና ነህ?» ስትል ሁለት ስሕተት ሠርታለች። አንደኛው የጾታ ነው፤ ለሴት የወንድ ተውላጠ ስም ተጠቅማለች። ሁለተኛው የአክብሮት ነው፤ ለታላቅ የእኩያን አጠራር ተጠቅማለች። ስሕተቱ የመጣው ከየት ነው? በእንግሊዝኛ «ዩ» የምትባለው አንዲት ቃል ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለታላቅም፣ ለብዙም ታገለግላለች። አማርኛ ግን በሁለተኛ መደብ አራት መንገድ ይለያል። ልዩነቱም በተውላጠ ስሙ ብቻ ሳይወሰን እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ይዘልቃል።

የሚከተሉትን አስተያዩ።

አንተ መጣህ። ትመጣለህ። ና። ቤትህ።
አንቺ መጣሽ። ትመጫለሽ። ነይ። ቤትሽ።
እርስዎ (አንቱ) መጡ። ይመጣሉ። ይምጡ። ቤትዎ።
እናንተ መጣችሁ። ትመጣላችሁ። ኑ። ቤታችሁ።

ሦስተኛውን ረድፍ ልብ በሉ። «እርስዎ መጡ» ስንል የምናነጋግረው አንድ ሰው ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ ግን «እነርሱ መጡ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ይኸውም አማርኛ ታላቅን ሰው የሚያከብረው እንደ ብዙና እንደ ሩቅ አድርጎ በመቁጠር ነው ማለት ነው። ስለ ታላቅ ሰው ስናወራም «እሳቸው መጡ፣ ቤታቸው» እንላለን።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች፦

ሀ. በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አክብሮትን ጀምሮ ማቋረጥ አይገባም። «አያቴ ገበያ ሄደው ጨው ገዝታ መጣች» የሚለው ስሕተት ነው። ወይ «አያቴ ገበያ ሄደው ጨው ገዝተው መጡ»፣ ወይ «አያቴ ገበያ ሄዳ ጨው ገዝታ መጣች» መባል አለበት።

ለ. «አንቺ» ሁልጊዜ አለማክበር አይደለም። በምንባቡ ውስጥ ልጅየው እናቱን «አትታዘቢን» ብሎ በአንቺታ አነጋግሯል። ብዙ ልጆች እናታቸውን እንዲህ ያነጋግራሉ፤ ይህም ቅርበትንና ፍቅርን ይገልጣል። የልጅ ልጅ ግን አያቷን በአክብሮት «እንደምን ሰነበቱ?» ብላለች።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር እንጨምር። ልጅቱ «መጣ» ለማለት «መታ» ያለችው «ጠ» የሚለው ድምፅ በእንግሊዝኛ ስለሌለ ነው። «ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ» እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ድምፆች ሲለወጡ ትርጉምም ይለወጣል። «ልጁ ጠፋ» እና «ልጁ ተፋ» አንድ አይደሉም።

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ለታላቅ ሰው የሚነገሩ አድርጋችሁ ጻፉ።

1) ትናንት ለምን ቀረህ?
2) ተቀመጪ፤ ቡናሽን ጠጪ።
3) ልጅሽ ከአሜሪካ ደብዳቤ ጽፎልሻል።
4) ስልኩን አንሣና ስምህን ተናገር።

መልመጃ አራት። በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለውን ስሕተት አርሙ፤ ስሕተቱ የጾታ፣ የቁጥር ወይም የአክብሮት መሆኑንም ጻፉ።

1) አጎቴ ከውጭ አገር ሲመጡ ብዙ መጻሕፍት ይዞ ነበር።
2) እማማ፣ እርስዎ መቼ ትመጫለሽ?
3) ልጆቹ ፊደል ቆጥሮ ጨረሰ።
4) አያቷ ሳቁና ታሪኩን ነገረቻት።

6. ድርሰት

አመዛዛኝ ሐተታ

ባለፈው ምዕራፍ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ የምትጽፉት አመዛዛኝ ሐተታ ነው። አመዛዛኝ ሐተታ አንድ አከራካሪ ጥያቄ ይዞ የሁለቱን ወገን ምክንያት ያቀርባል፤ ከዚያም የጸሐፊውን ፍርድ ይሰጣል። ዳኛ የሁለቱን ባላጋራ ቃል ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ጸሐፊም የተቃራኒውን ምክንያት ሳያቀርብ መፍረድ አይገባውም። ደካማ ምክንያት መርጦ በተቃራኒው አፍ ማስቀመጥም ማጭበርበር ነው። የተቃራኒው ሐሳብ ባለቤቱ ራሱ ቢያነበው «አዎን፣ የምለው ይህንኑ ነው» በሚልበት መንገድ መጻፍ አለበት።

ድርሰቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል ሥሩት።

ሀ. ጥያቄውን በአንድ ግልጥ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ።
ለ. የአንደኛውን ወገን ምክንያት ከነምሳሌው ጻፉ።
ሐ. «ይሁን እንጂ»፣ «በሌላ ወገን»፣ «ነገር ግን» በሚሉት መሸጋገሪያዎች አማካይነት ወደ ሁለተኛው ወገን ተሻገሩ።
መ. ፍርዳችሁን ስጡ፤ ለምን እንደ ፈረዳችሁም ግለጡ።

ለአርአያ የሚሆን አንቀጽ፦

«ስደተኛ ወላጆች በቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር በየትኛው ቋንቋ ይነጋገሩ የሚለው ብዙ ቤተሰብ ያከራክራል። አንዳንዶች ልጅ በሚያድግበት አገር ቋንቋ ካልተነጋገረ በትምህርቱ ይዘገያል፣ ከጓደኞቹም ይነጠላል ይላሉ። በእርግጥም የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ሥራም፣ ፍርድም፣ ወዳጅም ለማግኘት ይቸገራል። ይሁን እንጂ ልጁ ያን ቋንቋ ከቤቱ ውጭ ሳይፈልገውም ይማረዋል፤ የወላጆቹን ቋንቋ ግን ከቤቱ በቀር የሚያገኝበት የለም። ስለዚህ ወላጆች በቤት በራሳቸው ቋንቋ ቢነጋገሩ ልጁ ሁለቱንም ያገኛል፤ ቢተዉት ግን አንዱን ብቻ ያገኛል።»

ይህን አንቀጽ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄውን ይይዛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተቃራኒውን ወገን ያቀርባሉ፤ ሦስተኛው «በእርግጥም» በሚለው ቃል የተቃራኒውን እውነት ይቀበላል። አራተኛው በ«ይሁን እንጂ» ይሻገራል። አምስተኛው «ስለዚህ» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ የቆመው ወላጆችን በማመስገን ወይም በመውቀስ ላይ አይደለም፤ ከቀደሙት ዓረፍተ ነገሮች በሚወጣ ምክንያት ላይ ነው።

መልመጃ አምስት። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከ25 እስከ 30 መስመር የሚሆን አመዛዛኝ ሐተታ ጻፉ።

1) ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሄደ ተማሪ የአካባቢውን አነጋገር ይተው ወይስ ይጠብቅ? (ከአማኑኤል፣ ከሞጣ ወይም ከብቸና ሄዶ በአነጋገሩ የተሳቀበት ተማሪ ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡ።)
2) ከሌላ ቋንቋ የመጡ ቃላት ቋንቋን ያበለጽጋሉ ወይስ ያጠፋሉ? («መኪና» ከጣልያንኛ፣ «ቢሮ» ከፈረንሳይኛ የመጡ መሆናቸውን አስታውሱ። እነዚህን ቃላት ስንጠቀም የአማርኛው ሰዋስው ተለውጧልን?)
3) «እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው ተረት ለስደተኛ እስከ ምን ድረስ ይሠራል?

መልመጃ ስድስት። በአሌክሳንድሪያ የምትኖረው ልጅ አማርኛ መጻፍ ችላለች እንበል። ለአያቷ የምትጽፈውን የመጀመሪያ ደብዳቤ በእሷ ስም ሆናችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፤ አንደኛ፣ አክብሮቱ ከሰላምታው እስከ ስንብቱ አይቋረጥ። ሁለተኛ፣ ልጅቱ አሜሪካን አይታ ያደገች መሆኗ ከደብዳቤው ይታወቅ፤ የአማኑኤል ልጅ አታስመስሏት። ስትጨርሱ ደብዳቤውን ከጎናችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተለዋውጣችሁ አርሙ፤ ከተቻለም ለአያታችሁ ወይም ለሌላ ታላቅ ሰው አንብቡላቸውና ያልጣማቸው አነጋገር ካለ ጠይቁ።